እርማት፦ መሬቱ በአያትየዋ ስም ሊሆን ይችላል

ከኖርዌይ ተሰደው በአሜሪካ ዳኮታ ሜዳ ስለ ሰፈሩ አንዲት አያት በተጻፈው ታሪክ ላይ፣ «በዚያ ዘመን ሴት፣ ያውም ስደተኛ፣ ከመንግሥት መሬት አታገኝም፤ የባሏ ወይም የአባቷ መሆን አለበት» የሚል አስተያየት ሲደጋገም አየሁ። ለዘመኑ የሚመስል ነገር ነው፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የአሜሪካ የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) የሚሰጠው 21 ዓመት ለሞላው ወይም ለቤተሰብ ኃላፊ ነበር፤ ወንድ ይሁን ሴት አልለየም። ያላገባች፣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በራሷ ስም ታመለክት ነበር። ስደተኛም ዜጋ ለመሆን ማሰቡን በሕጋዊ መንገድ ካስመዘገበ ይበቃው ነበር። በአብዛኛው በሩ የተዘጋው ከባሏ ጋር በምትኖር ሴት ላይ ነው፤ ስህተቱም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የልጅ ልጆች በአያታቸው ባል ስም ፈልገው ሲያጡ «መዝገብ የለም» ብለው ይተዉታል። የአሜሪካ የመሬት አስተዳደር ቢሮ የመሬት ባለቤትነት ሰነዶችን በድረ ገጹ በነፃ ለመፈለግ ያስችላል፤ በአያትየዋ የአባት ስምም፣ ካገቡ በኋላ በያዙት ስምም ይሞከር። ሙሉው ፋይል ዋሽንግተን ካለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይጠየቃል። የቤቱ ስፋት፣ የታረሰው መሬት፣ የጎረቤቶች የምስክርነት ቃል ሳይቀር እዚያ ተጽፎ ይገኛል።