ቤት ስለዋልኩ ሥራ ፈት አይደለሁም

ዛሬ አንጀቴ አርሯልና ልናገር። ቤቷ ቁጭ ብላ የምትሠራ ሴት መምህር ሥራ የላትም ያለው ማነው?

ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ክፍል ገብቼ የማስተምረው ሰው የሚያየው ሥራዬ ነው። መመረቂያ ጽሑፍ ማረሙ፣ ፈተና ማውጣቱ፣ ለጆርናል (ለምርምር መጽሔት) የሚላከውን መጻፉ ግን ቤት ነው የሚሠራው። ቢሮውን ከብዙ ሰው ጋር ስለምንጋራ እዚያ አንድ ገጽ አይጻፍም።

ላፕቶፑን ገና ስከፍተው ስልኩ ይጀምራል። «ቤት ነሽ አይደል? ሲሊንደር ሊያመጡ ነው፣ ተቀበይ።» «በርበሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ዝናብ እንዳይመታው።» «ለቅሶ አለ፣ አንቺ ቤት ስላለሽ ቀድመሽ ድረሺ።» ለቅሶ መድረስን እንቢ አልልም፤ ወግ ነው፣ ነግ በእኔም ነው። የሚያናድደኝ ባለቤቴም ያን ቀን ቤት መዋሉ ነው። እሱም መምህር ነው። የእሱ በር ሲዘጋ «ሥራ ላይ ነው፣ አትረብሹት» ይባላል። የእኔ ሲዘጋ ልጆቹ ያንኳኳሉ፣ ሠራተኛዋ ሽንኩርት አልቋል ትላለች፣ አማቴ ደግሞ «ምን ሆና ነው የተዘጋችው?» ብለው ይጨነቃሉ።

ይሄ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ሁሉም ቤቱ ሲከተት፣ በውጭ አገር ያሉ የጆርናል አዘጋጆች አንድ ነገር አስተውለው ነበር። ወንዶች የሚልኩት ጽሑፍ ሲጨምር የሴቶቹ የዚያን ያህል አልጨመረም። ሁለቱም ቤት ነው የዋሉት። ልጁን ያቀፈው ማን እንደነበር ግን እናውቃለን።

ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለማደግ ደግሞ የታተመ ጽሑፍ ይቆጠራል። መብራት እስኪመጣ ተጠብቆ፣ ሕፃን እየጠባ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንደተጻፈ ኮሚቴው አይጠይቅም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሰጠው የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30 ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነበር። ከዚያስ? ያው አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። እኛ ግቢ ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር «ቦታ እየፈለግን ነው» እንባላለን። ልጄ አድጋ ትምህርት ቤት ገባች፤ ቦታው ግን እስካሁን አልተገኘም።

አለቆቻችን፣ ማቆያውን ክፈቱልን። የወለደች መምህርት እድገት ሲታይም ያ ጊዜ ይታሰብላት። ቤተሰቦቼ፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት በሬ ከተዘጋ ክፍል ገብታ እያስተማረች ነው በሉ። ሲሊንደሩን ባለቤቴ ይቀበላል፤ እሱም ቤት ነው።