ሴኪ ይጫወታል፣ ቁጣው ለዮኮይ

እዚያ ክፍል የሚያስተምሩት መምህራን ዓይን የላቸውም እንዴ?

«ቶናሪ ኖ ሴኪኩን» የሚባለውን የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ተከታታይ) እያየሁ ነው የምበሽቀው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 21 ክፍል ያለው ኮሜዲ ነው። አንዱ ክፍል 8 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሴኪ በትምህርት ሰዓት ዴስኩ ላይ ይጫወታል። ላጲስ ደርድሮ ዶሚኖ ይሠራል። አጠገቡ ያለችው ዮኮይ «አላይም፣ አላይም» ትልና ታያለች። ከዚያ መምህሩ የሚቆጣው ማንን ነው? እሷን! እሱ ዕቃውን ሸሽጎ ጨዋ ይሆናል። እኔም ስድስተኛ ክፍል እያለሁ እንዲህ ዓይነት የዴስክ ጓደኛ ነበረኝ። በእሱ ጥፋት ስንቴ እንደተንበረከክኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ለዚህ ነው መሰለኝ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ የሚቀረው።

እሺ፣ ጥሩ ጎኑንም ልናገር። ሴኪ አያወራም ማለት ይቻላል። ወሬው ሁሉ ዮኮይ ሆድ ውስጥ ነው። ድምፅዋን የሰጠችው ካና ሃናዛዋ ስትደነግጥም፣ ስትናደድም፣ ሳታስበው በጨዋታው ስትመሰጥም ታስቃለች። ሴኪ መጫወቻ ሮቦቶቹን እንደ ቤተሰብ የሚያደርግበትማ አንጀቴን በልቶታል። በየክፍሉ መጨረሻ ላይ በጽሕፈት ዕቃ ከበሮ ሲመታ ደግሞ አልዘለውም።

ግን አራት ክፍል በተከታታይ ስታዩት ያው ነው። ይጫወታል፣ ታያለች፣ ቁጣው ለእሷ። በቃ። በቀን አንድ አንድ ቢታይ ይሻል ነበር፤ እኔ ግን አንዴ እንኳ በደንብ ይያዝልኝ ብዬ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አፈጠጥኩ። ፓኬጄ አለቀ።