መደቡ፦ መዝናኛ

እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም። ቁማርተኛ ማለት ቤቱን አስይዞ የሚቆምር፣ ሊነጋጋ ሲል ኮቱን አውልቆ ለበላው ሰው አስረክቦ በሸሚዝ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። እኔ ግን ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ባለቤቴ እንዳትነቃ የስልኬን ብርሃን ቀንሼ፣ በባንኬ መተግበሪያ በኩል ትንሽዬ ገንዘብ ወደ አንድ የኢንተርኔት ካሲኖ የማስገባ የተከበርኩ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ። ገንዘቧም ትንሽ በመሆኗ በአንስታይ ጾታ እጠራታለሁ፤ አማርኛችን ለትንሽና ለሚያሳሳ ነገር ሁሉ ይህንን ይፈቅዳልና። «ይቺን ብቻ ላስገባ» ያለ ሰው ራሱን መክሰስ ቢፈልግ እንኳ ሰዋስዉ አያግዘውም።

የማስገባቱ ሥርዓት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካሲኖው መጠኑን በሦስት አዝራሮች ደርድሮ ያቀርብልኛል፤ የመጀመሪያው ስስታም የሚያስመስል፣ የመጨረሻው የሚያስደነግጥ ሲሆን፣ መካከለኛው አስቀድሞ ተመርጦ አረንጓዴ ለብሶ ይጠብቀኛል፤ እኔም በነገር ሁሉ መካከለኛ ሰው ስለሆንኩ እሱን እነካለሁ። ከዚያ የባንኩ መተግበሪያ ብቅ ብሎ አውራ ጣቴን ይጠይቃል። ይህች አውራ ጣት በጠራራ ፀሐይ የመብራት ሒሳብ ልክፈል ስል ሦስት ጊዜ «አልታወቀም» የምትባል፣ በሱሪዬ ጠርጌ፣ እፍ ብዬባት የምትለመን ጣት ናት፤ በእኩለ ሌሊት ለካሲኖ ሲሆን ግን ገና ሳትነካ ትታወቃለች። ቀጥሎ ባለስድስት አሃዝ ኮድ በአጭር መልእክት ይመጣል፤ «ይህንን ቁጥር ለማንም እንዳይሰጡ» የሚል ማስጠንቀቂያም አለበት። ባንኩ ገንዘቤን ሌላ ሰው እንዳይወስድብኝ የሚያደርገው ጥንቃቄ በእውነት ያስመሰግነዋል፤ በዚያ ሁሉ ጥበቃ መካከል እኔው ራሴ ገንዘቤን ተሸክሜ በፊት ለፊት በር ስወጣ ግን «ግብይትዎ ተሳክቷል» ብሎ ይሸኘኛል። ተሳክቷል! በዚያች ሌሊት የሚሳካልኝ ነገር እሱ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል።

የምጫወተው ሩሌት ነው፤ ትንሽ ኳስ በሚሽከረከር ጎማ ላይ ተለቅቃ በየትኛው ቁጥርና ቀለም ላይ እንደምታርፍ የሚገመትበት ጨዋታ። የአውሮፓው ሩሌት 37 ቁጥሮች አሉት፤ ከ1 እስከ 36 ያሉትና ያቺ አረንጓዴዋ ዜሮ። በአንድ ቁጥር ላይ አስይዞ ለቀናው ሰው ካሲኖው ለአንዱ 35 ይከፍላል፤ ሚዛኑ ትክክል ይሆን ዘንድ ግን 36 መክፈል ነበረበት። የጎደለችው የቤቱ፣ ማለትም የካሲኖው፣ ድርሻ ናት፤ ካስያዝነው ከመቶ 2.7 ገደማ ትደርሳለች። ስለዚህ አሥር አስገብቶ በየዙሩ አንድ አንድ የሚያስይዝ ሰው 370 ዙር ቢጫወት፣ በአማካይ ለቤቱ የሚገብረው ልክ አሥሩን ነው። አሜሪካኖች ሁለተኛ ዜሮ ጨምረው ድርሻውን ወደ 5.26 ስላሳደጉት፣ የአውሮፓውን የመረጥኩ ዕለት ራሴን ከቆጣቢዎች ተርታ አሰልፌያለሁ።

ይህንን ሒሳብ አለማወቄ አልነበረም ጥፋቴ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካሲኖ ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ ማረፏን፣ ተጫዋቾቹም «አሁንስ ቀይ መምጣቱ አይቀርም» እያሉ በየዙሩ ሲጨምሩ መራቆታቸውን አንብቤአለሁ፤ ኳስ ትዝታ እንደሌላት ለሥራ ባልደረቦቼ አስረድቼ በአዋቂነቴ ተደንቄአለሁ። ሌሊት ግን ጥቁር አምስት ጊዜ ሲደጋገም ያ ሁሉ ዕውቀት ከብርድ ልብሱ ውጭ ይቀራል፤ ከውስጥ የቀረነው እኔና ቀይ ብቻ ነን።

ስለ ምርቃቱም ላውራ። ካሲኖው «የመጀመሪያ ገቢዎን እጥፍ እናደርጋለን» ባለው መሠረት አሥር አስገብቼ አሥር መረቀልኝ። ደንቡን ስከፍት፣ ምርቃቱን ከማውጣቴ በፊት 35 እጥፉን፣ ማለትም 350፣ ማስያዝ አለብኝ። ብዕር አንስቼ አሰላሁ፤ በሩሌት 350 ማስያዝ በአማካይ 9.46 ያስከፍላል፤ ከአሥሩ ስጦታ የአንዷን ግማሽ የምታህል ፍርፋሪ ትተርፈኛለች ማለት ነው። በፍርፋሪዋ ተደስቼ ሳልጨርስ፣ ወረድ ብሎ በደቃቅ ፊደል፣ በሩሌት የሚያዘው ገንዘብ ለዚህ ግዴታ የሚቆጠረው ከመቶ አሥር እጁ ብቻ መሆኑን አነበብኩ። ሙሉ በሙሉ የሚቆጠረው ስሎት ማሽን፣ ያ የሚሽከረከሩ ሥዕሎች ሲገጣጠሙ የሚከፍለው ጨዋታ፣ ነው፤ ሄድኩ።

ስሎት ማሽን የደስታ ቤት ነው። አሥር አስይዤ ሦስት ሲመለስልኝ መለከት ይነፋል፣ ሳንቲም ይዘንባል፣ ርችት ይተኮሳል፤ ሰባት ተበልቼ እልልታው ይቀልጣል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ተጫዋቹ ካስያዘው ያልበለጠ ሲመለስለት በድምፅና በምስል ድል ማስመሰልን በኢንተርኔት ስሎቶች ላይ ከልክላለች፤ በዚያ አገር ሰው በጸጥታ ይበላል። እኔ ግን የደመወዜ ጭማሪ በተነገረኝ ዕለት እንኳ ያልተነፋልኝ መለከት በሌሊት በነጻ ሲነፋልኝ ለምን እከፋለሁ?

አንድ ሌሊት በእርግጥ ቀናኝ። ያስገባሁትን ስምንት እጥፍ አድርጌ «ወጪ» የሚለውን ነካሁ። ገንዘቤን ሲቀበል ስሜን እንኳ ያልጠየቀኝ ካሲኖ በድንገት የሕግ ሰው ሆነ፤ የመታወቂያዬን የፊትና የኋላ ገጽ፣ መታወቂያዬን አገጬ ሥር ይዤ የተነሳሁትን ፎቶግራፍ፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የአድራሻ ማስረጃ ጠየቀኝ። ፎቶግራፉ ሁለት ጊዜ ደብዝዟል ተብሎ ተመለሰ፤ ሦስተኛውን በመታጠቢያ ቤት መብራት ሥር በፒጃማ ተነሳሁት፤ የተፈለገ ወንጀለኛ መስዬ መውጣቴን አልክድም። ከዚያ «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው፤ እስከ ሦስት የሥራ ቀናት ይጠብቁ» ተባልኩ፤ ከጽሑፉ ሥር አንድ ብቸኛ አዝራር ነበረች፤ «ወጪውን ሰርዘው ጨዋታዎን ይቀጥሉ» ትላለች። ሁለቱን ቀን ታገስኩ። በሦስተኛው ሌሊት ገንዘቡ ተመልሶ ከቁማሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ የቆጡን ሳወርድ የብብቴን የጣልኩት በአንዲት አዝራር ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወሩ አለቀ፤ የባንኩ መተግበሪያም ወጪዬን በቀለማት በተከፋፈለ ክብ ሥሎ አቀረበልኝ። የካርድ ድርጅቶች ለቁማር ቤቶች 7995 የሚል የራሱ ቁጥር ሰጥተዋል፤ ስለዚህ ባንኩ የት እንደማመሽ አሳምሮ ያውቃል። ጨዋ ነውና ግን በወጪ መደቦቹ ውስጥ «መዝናኛ» ብሎ ሸፍኖልኛል፤ በቁማር ቋንቋ መደብ ሲባል የሚያዘው ገንዘብ መሆኑን ስለማያውቅ ቀልዱ ያመለጠው ይመስለኛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን በልጅነቴ ስለ ቁጠባ ሲነገር ነበር የሰማሁት፤ ለካ ገንዘብም በዚያው ዘዴ መሄድ ይማራል። እያንዳንዷ ገቢ «ይቺን» ነበረች፤ ድምሩ ግን ወንድ ወጣው።

ባለቤቴ ክቡን ያየችው ስልኬን ለማንቂያ ደወል ስታነሳ ነው።

«መዝናኛ፣ 23 ጊዜ» አለች። «የት ሄደህ ነው እንዲህ የተዝናናኸው?»

«የትም አልሄድኩም፤ እዚሁ ከጎንሽ ነበርኩ።»

ይህ መልስ ነገሩን ያበርዳል ብዬ እንዴት እንዳሰብኩ አሁንም አይገባኝም። እሷ ግን ሳትቆጣ፣ የመተግበሪያውን ማስተካከያ ገጽ ገልጣ፣ ከታች፣ እኔ ለዓመታት ወርጄበት ከማላውቀው ስፍራ፣ «የቁማር ክፍያዎችን አግድ» የሚል ማብሪያና ማጥፊያ አገኘች። ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና እጇን አጣምራ ቆመች።

ማብሪያውን ነካሁት። «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጠየቀኝ። በ23ቱም ሌሊት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጠየቅኩት ጥያቄ ነበር። «አዎ» አልኩ። «እገዳውን መልሰው ለማንሳት 48 ሰዓት መጠበቅ እንዳለብዎ ተረድተዋል?» «አዎ» አልኩ፤ 48 ሰዓት ስንት ሌሊት እንደሆነ ሳላሰላ አልቀረሁም። በመጨረሻም አውራ ጣቴን ጠየቀኝ፤ አስቀመጥኩ።

«የጣት አሻራው አልታወቀም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።»

በሱሪዬ ጠረግኳት። እፍ አልኩባት። ባለቤቴ አሁንም እጇን አጣምራ ትመለከተኛለች።