«ትንሽ ዕቃ ናት»

ውጭ አገር ሊሄድ ነው የተባለ ሰው መካሪ አያጣም። ምክሩ የሚበረታው ደግሞ ከሰፈሩ ርቆ ከማያውቀው ሰው ነው። «ኪስህን ጠብቅ፤ የማታውቀው ሰው የሰጠህን እንዳትቀምስ፤ ማንንም አትመን!» ይላል። ይህን ብሎ እንደጨረሰ ዙሪያዋ በፕላስተር የታሸገች ጥቅል ብቅ ያደርጋል። «ትንሽ ዕቃ ናት። እዚያ ስትደርስ ሰው መጥቶ ይቀበልሃል።»

ውስጧ ምን አለ ብሎ መጠየቅ ያስቀይማል። ማንንም አትመን ያለው ሰውዬ ራሱን ከ«ማንም» አይቆጥርም።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ሻንጣህን ያዘጋጀኸው ራስህ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መንገደኛው ዓይኑን ሳያሽ «አዎ» ይላል። ሲፈተሽ የተገኘበት ነገር ካለ «የሰው አደራ ነው» ማለት አያስጥለውም፤ ዕቃው የተገኘው ከእሱ ሻንጣ ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት፣ ባዕድ አገር የተያዘ ሰው ለቆንስላው ይነገርልኝ የማለት መብት ሰጥቶታል። ቆንስሉ መጥቶ ይጠይቀዋል፣ ጠበቃ ይጠቁመዋል፤ ማስፈታት ግን ሥራው አይደለም። የጥቅሏ ባለቤት በዚያ ሰዓት ስልክ አያነሳም።

መንገደኛውም ቢሆን ዝግጅቱ ለፎቶ ነው። ጫማ ገዝቷል፣ ፀጉሩን ተስተካክሏል፤ ፓስፖርቱን የገለጠው ግን ቼክኢን ላይ ነው። አራት ወር ቀርቶታል። «ጊዜው አላለፈም እኮ!» ብሎ ይሟገታል፤ ብዙ አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት እንደሚፈልጉ የሚሰማው እዚያው ነው። በእጁ ሊይዘው የሚገባውን የግፊት መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ከቶ አስጭኖታል። ፓወር ባንኩንም እንደዚሁ፤ እሱማ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ሻንጣውን አስከፍቶ በሰው ፊት አሳፍሮታል። «ለሦስት ሳምንት የለንም!» የሚለውን ግን አልረሳም፤ ከነፎቶው ለሕዝብ ለጥፎታል። ሌባ ከዚህ የበለጠ ምን ግብዣ ይፈልጋል?

የሚፈራው ደግሞ ሻርክና አጋች ነው። መንገድ መሻገርን የሚፈራ መንገደኛ እስካሁን አልገጠመኝም። እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ዊንስተን ቸርችል እንኳን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1931 ኒውዮርክ ውስጥ ከታክሲ ወርዶ አምስተኛውን ጎዳና ሲሻገር፣ መኪና በግራ በኩል በሚነዳበት በአገሩ ልማድ አቅጣጫውን ተሳስቶ ተገጭቷል። እሱስ ሆስፒታል ከርሞ ሲያገግም የአደጋውን ታሪክ ለጋዜጣ ጽፎ ተከፈለው።

የእኛ መንገደኛ ያለው ኢንሹራንስ ነው። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ለሚያስገባው ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ግዴታ ስለሆነ የገዛው፣ አንድ መስመሩን ያላነበበው። ለችግር ጊዜ የሚደወልበት ቁጥር የት እንዳለ ብትጠይቁት ኮራ ብሎ ስልኩን ያወጣል፤ ቲኬቱም፣ የሆቴሉ አድራሻም፣ የፓስፖርቱ ኮፒም እዚያው ናቸው። ባትሪው 2 በመቶ ቀርቶታል፤ እሷንም ለሰልፊ ነው የቆጠባት።