ጫት፣ ሻንጣ እና «ጥፋተኛ ነኝ»

«ይቺን ለእህቴ ታደርስልኛለህ? ሞሪንጋ ናት።» ቦሌ ላይ እንዲህ ተብሎ የማያውቅ የአሜሪካ ተጓዥ ያለ አይመስለኝም። ይሉኝታ ይይዘንና እሺ እንላለን። ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ሻንጣው ሲከፈት፣ ሞሪንጋ የተባለችው የደረቀ ጫት ሆና ቁጭ።

ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የመንደር ምክር ሁሌም አንድ ነው። «አትጨናነቅ፤ ጥፋተኛ ነኝ በልና ፕሮቤሽን (በእስር ፋንታ የክትትል ጊዜ) ይሰጡሃል።» ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ላይ «ጫት» የሚል ስም የለም። ያሉት በውስጡ የሚገኙት ካቲኖንና ካቲን ናቸው። ካቲኖን ከሄሮይን ጋር አንደኛ ምድብ ውስጥ ነው፤ ካቲን አራተኛ ላይ። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ጠበቃ መጀመሪያ የላብራቶሪውን ውጤት ይጠይቃል። ምን ተገኘ? መቼ ተመረመረ?

ቀጥሎ የሚመጣው የማወቅ ጉዳይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሰውየው ቅጠሉን መያዙን ማሳየቱ አይበቃውም፤ የተከለከለ ነገር መሆኑን እያወቀ መያዙንም ማስረዳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲንሲናቲ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ከአምስተርዳም ጫት ይዞ ዲትሮይት የገባ ሰው ላይ የተሰጠውን የጥፋተኝነት ውሳኔ የሻረው በዚሁ ነጥብ ነው። ጫት መያዙን ሰውየው አልካደም። በውስጡ የተከለከለ ንጥረ ነገር እንዳለ ማወቁ ግን አልተረጋገጠም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ቦስተን ያለው አቻ ፍርድ ቤት በሌላ የጫት መዝገብ ጥፋተኝነቱን አጽንቷል። መንገዱ አለ፤ ጠባብ ነው።

እዚህ ላይ «ባህላችን ነው» የሚለው መከራከሪያ ይነሳል። ለብቻው ማንንም ነፃ አያወጣም፤ ዳኛው ስለ ሐረር የበርጫ ወግ ግድ የለውም። ግን ጫት በግልጽ ከሚሸጥበትና መንግሥትም ኤክስፖርት አድርጎ ዶላር ከሚያገኝበት አገር የመጣ ሰው ክልክል መሆኑን ባያውቅ አይገርምም። ባህሉ የሚጠቅመው አለማወቅን ለማስረዳት ነው።

ታዲያ ይህን መከራከሪያ ብዙ ጊዜ የምናበላሸው ራሳችን ነን። እዚያው ኤርፖርት፣ በገዛ አፋችን። «ይቅርታ፣ ክልክል መሆኑን ሰምቼ ነበር፣ ግን ትንሽ ስለሆነ...» አለቀ። ማወቁ ተረጋገጠ። መዋሸቱም አያዋጣም፤ ለፌዴራል መኮንን የሐሰት ቃል መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የሚያዋጣው በትሕትና «ጠበቃ ሳላገኝ ስለዚህ ጉዳይ አልናገርም» ብሎ ዝም ማለት ነው። ለእኛ ሰው ዝምታ ንቀት ይመስለዋል። አይደለም፣ መብት ነው።

ወደ ፕሮቤሽኑ ልመለስ። የወንጀል ዳኛው አንድም ቀን ሳያስርህ ሊያሰናብትህ ይችላል። የኢሚግሬሽን ሕጉ ግን የሚያየው የእስሩን ርዝመት ሳይሆን በዕፅ ጥፋተኛ መባልህን ነው። ከዚህ ሕግ የተረፈው ለግል መጠቀሚያ አንድ ጊዜ የተያዘ እስከ 30 ግራም ማሪዋና ብቻ ነው። ለጫት እንዲህ ያለ ምሕረት አልተተወም። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ፣ ልጆቹን ኮሌጅ ያስገባ ሰው «ጥፋተኛ ነኝ» የሚል አንድ ወረቀት ፈርሞ ለመባረር ሊዳረግ ይችላል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ተከላካይ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ያ ክስም የዕፅ ማጓጓዝ ነበር፤ ተከሳሹ ከ40 ዓመት በላይ አሜሪካ የኖረ የሆንዱራስ ተወላጅ። ጠበቃው ብዙ ስለቆየህ አታስብ ብሎት ነበር የፈረመው።

ስለዚህ ብዕር ከማንሳትህ በፊት ጠበቃህን በአስተርጓሚ ጠይቀው፤ «ይህን ብፈርም ግሪን ካርዴ ምን ይሆናል?» «ችግር የለውም» ካለህ በጽሑፍ ይስጥህ። ካንገራገረ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እስክታማክር ቀጠሮ ይለወጥልኝ በል።