የማታ ተማሪ፣ የቀን ቢሮ

ዛሬ ላማርር ነው። ረዘም ይላልና ቡና ያላችሁ ቅዱ።

ሰሚስተሩ አለቀ። አለቀ ከተባለ። 36 ዓመቴ ነው፤ በዲፕሎማ ተቀጥሬ አንድ መሥሪያ ቤት 11 ዓመት ሒሳብ ሠርቻለሁ። "ድግሪ ከሌለሽ እድገት የለም" ስለተባልኩ በማታ አካውንቲንግ እማራለሁ፣ ሦስተኛ ዓመት። መማሬን የነገርኳቸው ቀን አለቃዬ ፈገግ ብለው "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አሉኝ። ጋሼ፣ ሁለተኛውን ዛፍ የተከላችሁብኝ እኮ እናንተ ናችሁ!

ከሥራ የምወጣው 11፡30 ነው። ክፍል የሚጀመረው 11፡30 ነው። ይህን ፕሮግራም ያወጣው ሰው ከሳሪስ አራት ኪሎ በክንፍ የሚኬድ ይመስለዋል። ከሳሪስ ስታዲየም ሠልፍ፣ ከስታዲየም አራት ኪሎ ሌላ ሠልፍ። እያለከለክሁ 12፡20 ስደርስ አቴንዳንስ ተጠርቶ አልቋል፣ አቴንዳንስ ደግሞ 5 ነጥብ አለው። አንደኛ ዓመት ላይ "ፊዚካል ፊትነስ" የሚባል ኮርስ አስወስደውን ነበር። ያኔም ጠይቄያለሁ፤ በቢሮ ጫማ ታክሲ ለመያዝ የምሮጠው ለምን አይያዝልኝም?

አንዳንድ ቀን ደግሞ መምህሩ አይመጣም። የክፍል ተጠሪያችን ቴሌግራም ላይ "ዛሬ ክላስ የለም" ብሎ የሚጽፈው በሩ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። ማካካሻው እሑድ ጠዋት 2፡30። እውነቱን ለመናገር በመምህሩ አልፈርድም። ቀን ሌላ ቦታ አስተምሮ፣ ማታ ደግሞ በሁለት ኮሌጅ መሐል እየሮጠ ነው፤ እጅጌው ላይ ጠመኔ እንዳለ ይመጣል። እሱ ሲያዛጋ እኔም አዛጋለሁ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ይቀጥላል። መብራት የጠፋ ዕለትማ አለቀልን። የቀን ተማሪ መብራት ቢጠፋበት መስኮት አለው፤ እኛ የስልካችንን ባትሪ አብርተን የመምህሩን ጥላ እንማራለን።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው ሪጅስትራሩን ነው።

የማታ ትምህርት ቤት ነው አይደል? ተማሪው ቀን ሥራ ስላለው ነው በማታ የሚመጣው አይደል? ታዲያ ቢሮው ለምንድን ነው 11፡30 ላይ የሚዘጋው? እኔ ከሥራዬ ስወጣ እነሱም ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ይወጣሉ፤ ስደርስ ሰላም የሚለኝ የተዘጋው በር ነው። ክፍያ የፈጸምኩት ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ዘመን ነው። የከፈልኩበትን ማስረጃ ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ማሳተም፣ የታተመውን ፋይናንስ መስኮት ወስዶ በደረሰኝ መቀየር፣ ደረሰኙን ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ ኮፒውን ሪጅስትራር ማስገባት፣ ስሊፑን ማስፈረም፣ ማኅተም። ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ደግሞ ምሳ ወጥቷል። ምዝገባው ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ካለፈ ቅጣት አለ። "እህቴ፣ ፈቃድ ጠይቀሽ ብትመጪ ምን ነበረበት?" አለችኝ መስኮቷ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ ከልቧ አዝናልኝ።

ፈቃድ! በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምርና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። በ11 ዓመቴ 21 ቀን አለኝ ማለት ነው። ዘንድሮ ዘጠኙ ያለቀው በዚህ መስኮትና በፈተና ነው። ልጄን የትም ይዤ አልሄድኩም፣ እናቴን ለበዓል አላየሁም።

ግሩፕ አሳይመንቱን ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። አምስት ሆነን ተመደብን። አራቱ ልጆች "እትዬ" እያሉ ያከብሩኛል፤ አክብረውኝም ሥራውን ለእኔ ይተዉታል። ሌሊት 6 ሰዓት ሽሮውን አውርጄ፣ ልጁን አስተኝቼ፣ ስምንት ገጽ ጽፌ ቴሌግራም ላይ ስለቅ አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሰላም ናችሁ፣ የእኔ አይዲ ላይ አንድ ቁጥር ተሳስቷል።"

ከሁሉም የሰኔው ይገርማል። የሒሳብ ሰው የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ በጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። መጋዘን ወርደን ንብረት እንቆጥራለን፣ የማይገጥም ሒሳብ እናስገጥማለን፣ አምሽተን እንወጣለን። ፋይናል ፈተናው የት ዋለ? እዚያው ሳምንት ላይ! ቀን ቀን የእውነቱን ሒሳብ በብር እዘጋለሁ፤ ማታ ማታ ክፍል ተቀምጬ ዲሴምበር 31 ላይ በዶላር የሚዘጋ ድርጅት ሒሳብ እማራለሁ። ፈተናው ላይ እጄ ለምዶበት ቀኑን ሰኔ 30 ብዬ ጻፍኩት። ግማሽ ነጥብ ተቀነሰብኝ። በዚህ አገር የታክስ ማስታወቂያ ስሞላ 11 ዓመት የኖርኩ ሰው!

ገና ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ። ከ2015 ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ ድግሪ አይሰጠውም። ይሁን፣ እሱን ያኔ እናለቅሳለን።

ትናንት ማታ ውጤት ተለቀቀ ተባለ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ አራተኛ ወጥቶ ካርዱን ፍሪጅ ላይ ለጥፎታል። ስልኬን ሳይ አጠገቤ መጥቶ "እማዬ፣ አንቺስ ስንተኛ ወጣሽ?" አለኝ። አራቱ ኮርስ ደህና ነው። አምስተኛው ላይ "ኤን ጂ" ይላል፣ ውጤት አልገባም ማለት ነው። መምህሩ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ የሌላ ኮሌጅ ወረቀት እያረመ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ሪጅስትራር ደወልኩ።

"በአካል መጥተው ፎርም መሙላት አለብዎት።"

"ስንት ሰዓት ልምጣ?"

"ከ2፡30 እስከ 11፡30፣ ምሳ ሰዓት ሳይጨምር።"

የፈቃድ ወረቀቱን ሞልቼ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። "ምክንያት" የሚለው ላይ መጀመሪያ "ትምህርት" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የዛፉ ነገር ትዝ አለኝና ሰርዤ "የግል ጉዳይ" አልኩት።