«ያው ነው» ስትሉኝ

ፒያሳ ዙሪያ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የምትሸጡ የጎንደር ወንድሞቼ፣ ዛሬ ሆድ ብሶኛልና ስሙኝ። ሱቃችሁ ገብቼ የምፈልገውን ስነግራችሁ፣ እሱን ትታችሁ አጠገቡ የተሰቀለውን ታወርዱና «ያው ነው ጋሼ» ትላላችሁ። ይቺ «ያው ነው» አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገደለችብኝ።

እንግሊዝ አገር ያለው አጎቴ ሦስት ዜድኤክስ ስፔክትረም ኮምፒውተሮች አምና ላከልኝ። ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቤት ኮምፒውተር ነው። ስፋቱ ከደብተር ብዙም አይበልጥ፣ ቁልፎቹ ጎማ፣ ሜሞሪው 48 ኪሎባይት ብቻ። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም። «ኢንተርኔት የማይገባበት ምን ይሠራልሃል?» ያላለኝ ሰው የለም። ሥራውማ ይኸው፦ ከማሽኖቹ ጋር ኢንተርፌስ ዋን የሚባል፣ ከሥር የሚገጠም ሣጥን መጥቷል። ይህ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ ሣጥን ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ አንድ ሲገጠም እስከ 64 ማሽን ያገናኛል። ራውተር የለ፣ ሰርቨር የለ። የሚያገናኘው ሽቦ ጫፉ ላይ እንደ ኢርፎን ያለ ጃክ አለው፣ በቃ።

እኔ የፈለግሁት የሰፈራችንን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስቤ ኔትወርክ ማለት ምን እንደሆነ በእጃቸው እንዲነኩት ነው። ልጁ ለማሽኑ ራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ የጻፈውን ፕሮግራም ለጓደኛው በቁጥሩ ይልክለታል። ወደ ዜሮ ከላከው ደግሞ ለሚጠብቁት ሁሉ ይደርሳል። ይህ ማሽን ፕሮግራም የሚጭነው ከቴፕ ካሴት ነው፤ ከካሴት ሲጫን አምስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ፕሮግራም በሽቦው በሴኮንዶች ያልፋል። ሽቦውን ሲነቅሉት ይቆማል። ስልክ ላይ ይህን ማሳየት አይቻልም፤ ሁሉም ነገር ተደብቋል።

አሁን ማሽኑን ወደ ገደለው አዳፕተር ልምጣ፤ የግድግዳውን መብራት ለማሽኑ ዝቅ አድርጎ የሚሰጠው ዕቃ ማለቴ ነው። ስፔክትረም የሚሠራው በ9 ቮልት ነው፤ የሚፈልገውም 1.4 አምፒር ነው። ዋናው ጣጣ ግን የሶኬቱ ጫፍ ነው። ገበያ ላይ ካሉት አዳፕተሮች አብዛኞቹ መሀላቸው ፖዘቲቭ፣ ውጫቸው ኔጌቲቭ ነው። የስፔክትረም ግልባጩ ነው፤ መሀሉ ኔጌቲቭ። ይህን በወረቀት ሥዬ ነው ሱቅ የሄድኩት! ክቡን፣ ነጥቡን፣ የመቀነስ ምልክቱን ሁሉ ሥዬ። ልጁ ወረቀቱን አየት አደረገና አንዱን አውርዶ «9 ቮልት ነው፣ ይገባል፣ ያው ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት። ቤት ወስጄ ሳልለካ ሰካሁት፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ስክሪኑ ላይ ምንም አልወጣም፣ ከዚያ ሽታ መጣ።

የዚህ ማሽን ክፉ ነገሩ የታችኛው 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ነው። ይህን ሜሞሪ የሚይዙት ስምንቱ ቺፖች ሦስት ዓይነት ቮልት ይፈልጋሉ፦ 5፣ 12 እና ከዜሮ በታች 5። በተለይ ከዜሮ በታች ያለው 5 ሲጎድል ቺፖቹ ሊሞቱ ይችላሉ። እነዚህን ቺፖች ጎንደር ላይ ቀርቶ አዲስ አበባም ጠይቄ አላገኘሁም። አርባ ዓመት የኖረ ማሽን በሁለት ሴኮንድ!

ሽቦውም እንደዚሁ ነው። አምስት ገዛሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኖቹ አልተገናኙም፤ ፕሮግራሙን አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ፣ የጫፎቹን ቀዳዳ ፈተሽኩ። (በዚህ ኔትወርክ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ማሽን አንዳንድ ቀዳዳቸው ባዶ መሆን አለበት፤ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከገጠማችሁት አይሠራም።) በመጨረሻ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለካ የአንዱ ሽቦ ጃክ ጫፍና ግንድ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተዋል። መስመሩ የጋራ ስለሆነ አንድ ሽቦ እንዲህ ሲነካካ ሁሉም ዝም ይላሉ። አዲስ ዕቃ ነው፤ ከላስቲኩ ገና መውጣቱ። ልመልሰው ስሄድ «ሙዚቃ ያጫውታል እኮ፣ ያው ነው» ተባልኩ። የተነካካ ሽቦ ሙዚቃም አያጫውትም ወንድሜ!

መብራቱን ተውት፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲሄድ ሜሞሪው ባዶ ይቀራል፣ ከካሴት እንደገና።

እኔ ዕቃ የለም ብትሉኝ አልቀየምም። «የለንም» ቅን መልስ ነው፤ አመስግኜ እወጣለሁ። የሚያንገበግበኝ የሌለውን ነገር አለ ብሎ መሸጥ ነው። ለአንድ ሰው ማሞቂያ፣ ለአንዱ የሕክምና መሣሪያ፣ ለሌላው የልጁ ላፕቶፕ ቻርጀር በዚሁ አፍ ነው የሚሸጠው። እኔ አሮጌ ኮምፒውተር ነው የተቃጠለብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በሁለቱ ማሽኖች ሠራን። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ስሟን ለወንድሟ ላከችለት፤ ስክሪኑ ላይ ሲያየው ተነሥቶ ጮኸ። ከዚያ ሁለቱም የተከፈተውን ሦስተኛ ማሽን እያዩ «ጋሼ፣ ይሄኛው መቼ ይድናል?» አሉኝ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። መሀሉ ኔጌቲቭ የሆነ 9 ቮልት አዳፕተር ያለው ሰው ይንገረኝ። አንዳንድ የካሲዮ ኦርጋን አዳፕተሮች እንደዚያ ናቸው፤ ግን የአንድ ወዳጄን አይቼው ከ1 አምፒር በታች ስለሚሰጥ አልደፈርኩም። ማራኪም ሁን አዘዞ፣ እመጣለሁ። መልቲሜትሬን ይዤ ነው የምመጣው፤ ሳልለካ አልከፍልም፣ እንዳትቀየሙኝ።